የእትዬ አፍንጫ

ሸዋ ሮቢት ላይ ሥጋ ሰቅሎ ማሳደር የለም። ጠዋት የታረደው ከሰዓት በኋላ መልኩን ይቀይራል፤ መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ፍሪጅ ማለት ቁም ሳጥን ነው። ይህን የማያውቅ ሰው እዚህ ቆላ ውስጥ ሥጋ እጠብሳለሁ ብሎ ባያወራ ይሻለዋል። ነገሩን ከዚህ የጀመርኩት እኔ እንደማውቅ አስቀድማችሁ እንድታውቁልኝ ነው። ያደረግሁትን ያደረግሁት ሳላውቅ አይደለም፤ አውቄ፣ አስቤ፣ አምስት ቀን ሙሉ ጠብቄ ነው።

በየሳምንቱ እሑድ፣ ጾም ካልሆነ በቀር፣ እትዬ ግቢ ሥጋ እንጠብስ ነበር። እትዬ የምላቸው ዘመዴ ሆነው አይደለም፤ ሰፈሩ በሙሉ እንደዚያ ስለሚጠራቸው ነው። ዕድሜያቸውን የደሴ መንገድ ሾፌሮች የሚያርፉበት ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ጨርሰው፣ ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ቤታቸው የገቡ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ የላቸውም። ያላቸው ሰፊ ግቢ፣ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍና አፍንጫ ነበር። አፍንጫ ስል እንዲያው ለወግ አይደለም፤ ሰው የሚሰበሰበው ለዚያች አፍንጫ ነበር።

እኔ ዋናው መንገድ ዳር የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ። መጥበሻውን የሠራልን ከሱቄ ጎን ብየዳ ቤት ያለው ጓደኛዬ ነው። አንድ የዘይት በርሜል በቁመቱ ለሁለት ሰነጠቀ፣ የፌሮ እግር በየደለት፣ ላዩን በሽቦ አለበሰው። እሱ እስላም ነው፣ እኛ ክርስቲያኖች ነን፤ ስለዚህ የበርሜሉ አንዱ ግማሽ ለእነሱ ሥጋ፣ ሌላው ግማሽ ለእኛ ሆነ። ቢላው፣ መቆንጠጫው፣ ሰሃኑ ሁሉ ለየብቻ ነው። ፍሙን ግን እንዋዋሳለን። አንድ የኬሚስትሪ መምህርም ነበረን፤ ስልኩ ላይ የፈረንጅ ጥብስ ሲያይ ነው የሚያድረው። አንድ ቀን ሥጋ ውስጥ የሚሰካ የሙቀት መለኪያ ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ጎድኑን ሲወጋ እትዬ አዩትና፣ «ምነው፣ ፍየሏ ትኩሳት አላት እንዴ?» አሉት። ከዚያ ወዲያ መለኪያውን ከኪሱ ሲያወጣ አላየንም።

ሌላው እንግዳ ነው። ጎረቤት አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ ከካራቆሬ በሚኒባስ የሚመጣም ነበረ። ወሬው ሁሉ ሆድ ነው። የጥብስ ቅጠል መቼ ይጣል፣ አዋዜ በጠጅ ይሁን በአረቄ፣ ጎድን በአጥንቱ በኩል ይጀመር ወይስ በሥጋው፤ በዚህ ተጣልተው ወር ሙሉ የተኮራረፉ ሁለት ትልልቅ ሰዎች አውቃለሁ። ኧረ በሕግ! ሰው በመሬት ይጣላ እንጂ በቅጠል ይጣላል?

ዳኛዋ እትዬ ነበሩ። ዛፉ ሥር ባለ መደገፊያ ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ። የተጠበሰው በሰሃን ይቀርብላቸዋል። አንድ ቁራጭ አንስተው በጣቶቻቸው መሀል ያሹታል፣ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉታል፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ግቢው ጸጥ ይላል። «ይህች ፍየል ሜዳ ላይ አልዋለችም፤ ገደል ላይ ቅጠል ስትቀጥፍ የኖረች ናት» ይላሉ፤ ሻጩ ሲጠየቅ ከአሊዩ አምባ በኩል የመጣች ሆና ትገኛለች። ገበያ ሲወጡ ቅቤ ነጋዴዎቹ ይሳቀቁ ነበር፤ ሙዝ የተቀላቀለበትን ቅቤ ቅጠሉ ሳይገለጥ ያውቁታል። ጾም ሊፈታ ሲል ለበዓሉ ወጥ ሲሠሩ ደግሞ እንደ ማንኛዋም ጾመኛ ሴት አይቀምሱም፤ ጨውን በእንፋሎቱ ነው የሚለኩት። ብዙ ሴት እንደዚያ ይሠራል፤ የእሳቸውን ያህል ልክ የመጣላት ግን አላየሁም።

ምግብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ወደዚህ ከተማ ስመጣ እንቁላል መጥበስ የማልችል ወንደላጤ ነበርኩ። ሽንኩርት ውኃውን ሲጨርስ ድምፁ እንደሚለወጥ፣ ፍም አመድ ሳይለብስ ሥጋ እንደማይጫንበት፣ ሥጋ ከእሳት ሲወርድ ትንሽ ማረፍ እንዳለበት ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። «ልጄ» ነበር የሚሉኝ። ሌላውን ሁሉ በስሙ ይጠሩታል፤ ልጄ የሚሉት እኔን ብቻ ነው።

ያዋረዱኝም እሳቸው ናቸው። አንድ እሑድ እንግዳ በዝቶ እኔ ዘገየሁ። ከሰሉ አልያያዝ ሲለኝ አንድ ሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ከሥሩ ወሸቅሁና ለኮስኩት። አትዩኝ፤ ሁላችሁም ታደርጉታላችሁ። ሥጋው አምሮ ወጣ፣ ወርቅ የመሰለ ጎድን! ሰሃኑን ይዤ ገና ሳልደርስ እትዬ ከወንበራቸው ላይ ሆነው፣ «ከሰሉን በምን አያያዝከው?» አሉኝ።

«በጭራሮ።»

«ዋሸህ። ፌስታል ነው።»

ተነሥተው ሰሃኑን ከእጄ ተቀበሉና አጥር ሥር ለተኙት ውሾች ገለበጡት። ከመጥበሻው ላይ የቀረውንም እንደዚያው። «የሰው ልጅ ላስቲክ አይበላም» አሉ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። በማግሥቱ ባጃጅ ነጂዎቹ «ፌስታል! ፌስታል!» እያሉ በሱቄ በር ማለፍ ጀመሩ። የማያውቀኝ ደንበኛ ሳይቀር የፌስታል ሱቅ የቱ ነው ብሎ ጠይቆ መጣ። ሽማግሌ ልልክባት ያሰብኳት ልጅ እንኳ መንገድ ላይ ስታየኝ አፏን ይዛ ሳቀች። እትዬ ትክክል ነበሩ፤ ይህን አልክድም። ግን ትክክል የሆነ ሰው ሁሉ ይወደዳል ያለው ማነው?

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይላል ያገሬ ሰው። እኔ ቂሜን ይዤ ሁለት ዓመት እሑድ እሑድ ጉንጫቸውን እየሳምኩ ግቢያቸው ገባሁ።

ከዚያ ያ ሰው ሁሉ ሲያስል የከረመበት ጊዜ መጣ። እትዬም ተይዘው ሁለት ሳምንት ተኙ። አጥሚት ያመላለስኩላቸው እኔ ነኝ፤ ይህንንም ልናገር፣ ክፉ ብቻ አልነበርኩም። ዳኑ፣ ተነሡ፣ ትንሽ ከመክሳታቸው በቀር እንደ ድሯቸው ሆኑ።

በገና ግን የሠሩት ዶሮ ወጥ የሚበላ አልነበረም። ጨው! አንደኛው ጉርሻ ላይ ሁላችንም ተያየን። መምህሩ ውኃውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ። የካራቆሬው እንግዳ እንጀራውን ብቻ ቆረሰና በላ። እትዬ መጨረሻ ላይ ቀመሱት፤ አንገታቸውን ደፍተው፣ «የጨው ዕቃው ተገልብጦብኝ ነው» አሉ። ሰው አመናቸው። እኔም ላምናቸው ነበር። ነገር ግን ውኃ ልቅዳ ብዬ ኩሽና ስገባ ምድጃው ላይ የተረሳ ሽንኩርት አርሮ ከሰል ሆኗል፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። እትዬ ከሥሩ ቆመው ሰሃን ያጥባሉ። ዞር ብለው አላዩትም። «እትዬ፣ አረረ እኮ!» ስላቸው ነው የደነገጡት።

ገባኝ። ሳሉ አፍንጫቸውን ይዞት ሄዷል። ጾም ስለሆነ በምላሳቸው አልቀመሱም፣ በአፍንጫቸው እንዳይለኩ አፍንጫ የለም፤ እየገመቱ ጨመሩ፣ ፈሩና ደገሙ። ጾም ከሚሽሩ ድግሱን ማበላሸት መረጡ። ይህን ያየ ጥሩ ሰው ያዝናል። እኔ ደስ አለኝ። ሌላ ስም የለውም፤ ደስ አለኝ።

ከገና እስከ ዐቢይ ጾም በነበሩት እሑዶች ሌላውን ትቼ እሳቸውን ብቻ ሳይ ሰነበትኩ። ሥጋውን ያሹታል፣ ያሸታሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ ሁሉም እንደ ዱሮው ነው። ፍርዱ ግን ተቀይሯል። ስለ ገደልና ስለ ቅጠል የሚያወሩት ቀረ። «ጥሩ ነው»፣ «እሳት በዝቶበታል»፣ «ለስልሷል» ሆነ ነገሩ። ከመናገራቸው በፊት ደግሞ ዓይናቸውን በትንሹ ገልጠው ቀድሞ የቀመሰውን ሰው ፊት ያያሉ። ፊቱ ከፈካ ያመሰግናሉ፤ ከጨፈገገ ይነቅፋሉ። ግቢ ሙሉ ሰው ነበረ፣ ማንም አላየም። እኔ ብቻ አየሁ።

ማረጋገጫው የመጣው ቅዳሜ ሹር ዕለት ነው። የፋሲካን ዶሮ ለእኔና ለመምህሩ ለወንደላጤዎቹ እትዬ ነበሩ የሚሠሩልን። ዶሮ የሚባርከው ወንድ ስለሆነ አራጁ እኔ ነኝ። አውራ ዶሮዬን አንጠልጥዬ በጓሮ በር ስገባ ኩሽናው ውስጥ የብየዳው ጓደኛዬ ሚስት ቆማለች። እትዬ ከቁሌቱ በማንኪያ ጠብታ መዳፏ ላይ ያኖሩላታል፣ እሷ ትልሳለች።

«ጨው ትንሽ ይቀረዋል እትዬ» አለች።

«ሽታውስ? እንዳያርብኝ።»

«ወላሂ አላረረም። ሽንኩርቱ ደርሷል፣ አሁን ዶሮውን ቢያስገቡት ይሆናል።»

ነገሩ ወዲያው ነው የገባኝ። እሷ እስላም ናት፣ ጾማችን አይመለከታትም። እኛ ያረድነውን ዶሮ ግን አትበላም። ስለዚህ ዶሮው ድስት ከመግባቱ በፊት ቁሌቱን ትቀምስላቸዋለች፤ እትዬ ለዚሁ ብለው ሥጋ ያልነካው አዲስ ድስት ገዝተዋል። እሳቸው ጾማቸውን አይሽሩ፣ እሷም ሃራም አትበላ። ሁለት ሴቶች ቁጭ ብለው ይህን ያህል ተጨንቀውበታል። እኔ ደግሞ በሩ ላይ ቆሜ አሳልኩ።

እትዬ ዞሩ። አንድ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን። «ዶሮው መጣ?» አሉ።

የብየዳው ሚስት እስከ በር ተከተለችኝ። «ያየኸውን አላየህም» አለችኝ። «አማና ብዬሃለሁ። ሰው የሚገባላቸው በዚህች አፍንጫ ነው። ይህ ከተሰማ እሑድ እሑድ ማን ይመጣል? አንተ ሱቅ አለህ፣ እኔ ልጆች አሉኝ። እሳቸው ምን አላቸው? ግድግዳ እያዩ ሊውሉ ነው። ለአላህ ብለህ እንዳትናገር።»

«እኔን ነው የምታስጠነቅቂኝ?» አልኳት። «እናቴ አይደሉም እንዴ?»

እጄን ስማ ተመለሰች።

የፋሲካው ወጥ ልክ ነበር፤ ጣት ያስቆረጥማል። መምህሩ «እትዬ መቼም እትዬ ናቸው» እያለ ድስቱን ጠረገው። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ፌስታል፣ እሳቸው ደግሞ በተውሶ ምላስ እንኳ ሳይቀር እትዬ!

ፋሲካን ሰው በየቤቱ ስለሚውል ማኅበራችን የሚጠብሰው በሳምንቱ፣ በዳግማይ ትንሣኤ ነው። ማክሰኞ ዕለት ከታረደልኝ ፍየል አንድ ቁራጭ ጭን አስቀረሁ። ጠቅልዬ ሱቄ ጓሮ፣ ቆርቆሮው ሥር አስቀመጥኩት። ሐሙስ ዕለት በዚያ በኩል ማለፍ አቃተኝ። ቅዳሜ ማታ በሎሚ አጠብኩት፣ በአዋዜ ለወስኩት። ለመምህሩ ነገርኩት። እሱ ደግሞ ሳይከለክለኝ ዓይኑ በራ፤ «ይህ እኮ ሙከራ ነው፤ ባዶ ወሬ ከምናወራ በተግባር ይታይ» አለኝ። የተማረ ሰው ክፋት ሲሠራ ስም አያጣለትም።

እሑድ ቀትር ላይ ግቢው ሞልቷል። ጥሩውን ሥጋ አስቀድሜ አወጣሁና ሰው እንዲበላ አደረግሁ። ያንን ጉድ ከመጥበሻው ዳር፣ ነፋሱ ወደ አጥሩ በሚወስድበት በኩል ለብቻው ጠበስኩት። ላዩ አረር ያለ፣ የሚያብለጨልጭ ሆነ። በሰሃን አድርጌ፣ ቃሪያ ጣል አድርጌበት እትዬ ፊት ቀረብኩ።

«እትዬ፣ እስኪ ይፍረዱኝ።»

ግቢው እንደ ልማዱ ጸጥ አለ። ከጎናቸው የተቀመጠው የባንክ ሠራተኛ ሽታው ሲደርሰው ፊቱን አዞረ፤ መምህሩ ክንዱን ጨበጠና ዝም አሰኘው። እትዬ ቁራጩን አነሡ። በጣታቸው አሹት። ትንሽ ቆዩ፤ ከወትሮው ረዘም አድርገው። ቀና ብለው ፊቴን አዩ። እኔ ፈገግ አልኩላቸው። ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ በረጅሙ ሳቡ። ከዚያ ጎረሱት። አኘኩ፤ በጉሮሯቸው ሲወርድ አየሁ።

«እጅህ ይባረክ ልጄ» አሉ። «እሳቱ ትንሽ በዝቶበታል እንጂ ጥሩ ሥጋ ነው።»

ይህን ጊዜ ነው የጮህኩት። «ሰማችሁ? ጥሩ ሥጋ ነው አሉ! ይህ ሥጋ ማክሰኞ የታረደ ነው፤ ሸትቶ ጅብ አይበላውም! እትዬ እኮ አፍንጫ የላቸውም! ከገና ጀምሮ የላቸውም፤ ሲያታልሉን ነው የከረሙት!»

መምህሩ ሳቀ። ሌላም ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። የባንክ ሠራተኛው ሰሃኑን አንስቶ አሸተተና፣ «ወይኔ አምላኬ!» ብሎ ጣለው። አንዲት ሴት፣ «ታዲያ ያ ሁሉ ፍርድ ውሸት ነው?» አለች፤ ሌላዋ፣ «ለዚህ ነው የገናው ወጥ!» አለች፤ ከየአቅጣጫው ይመጣ ጀመር። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል። የእኔን ጎድን የነቀፉብኝ፣ የእኔን አዋዜ ያጣጣሉብኝ ያለ ሁሉ አፍ አወጣ። ለካ ቂም የያዝኩት እኔ ብቻ አልነበርኩም።

እትዬ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ጠረጉ። «እንዲያ ነው?» አሉ። ከዚያ ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ፤ በሩን ቀስ ብለው ዘጉት።

የብየዳው ጓደኛዬ ወደ እኔ መጣና ፊቴ ላይ ቆመ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። «አንተ ሰው ነህ?» አለኝ። ፍሙን ከእነሱ ግማሽ በርሜል ላይ አፈሰሰና ውኃ ደፋበት፤ ሚስቱ ወደ እትዬ ገባች። የቀረው ሰው ጫማውን እየፈለገ፣ ዓይን ለዓይን ሳይተያይ ወጣ።

ሁለት ቀን አስመለሳቸው። በሦስተኛው ቀን ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እንጃ፤ ይቅርታ ልጠይቅ ነው ብል ልቤ አያምነኝም። እንዳይሞቱብኝ ፈርቼ ይሆናል። አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ወይቧል።

«ተቀመጥ» አሉኝ።

ተቀመጥኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሆን ብለህ ነው? ወይስ ሥጋው በሙቀቱ ተበላሽቶብህ ነው፣ ኋላ ነገሩን ወደ እኔ ያዞርከው?»

«ሆን ብዬ ነው እትዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ እኮ ገና ስነካው አውቄዋለሁ» አሉ። «የከረመ ሥጋ ጥብስ ሲሆን ይላላል፣ ጣት ሥር ይፈርሳል። ዕድሜዬን ሙሉ ሥጋ ስነካ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ አፍንጫዬ ቢሄድ ጣቴ የት ይሄዳል? አፌ ውስጥም ኮመጠጠኝ፤ ምላሴ ጨውና ኮምጣጣ አይስተውም። አውቄዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዋጡት?»

«ሙቀት የቀደመህ መሰለኝ። ያ ሁሉ እንግዳ ፊት ሥጋ አሸተተ ተብሎ ስምህ ሊነሣ ነው ብዬ ደነገጥኩ። ያኔ በፌስታሉ ጊዜ አንተን ማዋረዴ ሲጸጽተኝ ነው የኖረው። ሁለተኛ አላዋርደውም ብዬ ዋጥኩልህ። ሌላ ሰው ቢሆን እተፋው ነበር።»

መሬት መሬቱን አየሁ። እሳቸው አላለቀሱም፣ አልረገሙኝም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

«አፍንጫዬን እንደሆነ እውነትህን ነው፤ የለም» አሉ። «ደብቄያለሁ፤ ለዚያ ሰው ቢቆጣኝ ይገባኛል። ግን ምንም አታውቅም፣ የሸተተ አብልተዋት ጥሩ ነው አለች መባሉ አቃጠለኝ። ሂድና ለሰው ይህን ንገርልኝ። በጣቷ አውቃዋለች፣ ለእኔ ብላ ነው የዋጠችው በል። ሌላ ምንም አልፈልግም። ይህን ከሰሙ ይመጣሉ። አንተም ና።»

«እሺ እትዬ፤ እሑድ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። ስናገር ከልቤ ነበር።

እሑድ መጣ። መምህሩ ሰዉን እኔ ግቢ ጠርቷል። የእኛን ግማሽ በርሜል በባጃጅ ጭነው አምጥተውታል። ዛፍ የለኝም፤ ሸራ ወጠርን። የብየዳው ጓደኛዬ አልመጣም፣ ሌላው ግን አልቀረም። ጎድኑ ሲወርድ መምህሩ አንድ ቁራጭ በሰሃን አድርጎ ወደ እኔ ይዞ መጣ። «እስኪ ፍረድ» አለኝ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ እኔን አየኝ። በዚህ ከተማ ስኖር ሰው እንደዚያ ዝም ብሎ ሲጠብቀኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ፌስታል ያለኝም አልነበረም። አሁን ልናገር አልኩ። ብናገር ግን ምን ብዬ ነው? እሳቸው ያንን የዋጡት እኔን ከውርደት ለማዳን ነው ልበል? ከዚያ በኋላ ያንን ሰሃን ማን ይሰጠኛል? ሥጋውን አነሣሁ፣ በጣቴ አሸሁ፣ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁ።

«ጨው ቀድሞ ተነስንሶበታል፤ ለዚህ ነው የደረቀው» አልኩ።

«ልክ ነህ! ልክ ነህ!» አሉ።

ሰኞ ጠዋት የብየዳው ሚስት ሱቄ በር ላይ መጥታ ቆመች። አልገባችም፤ ሰላምታም አልሰጠችኝ።

«ትናንት እትዬ በሽታቸውን ችለው ተነሥተው ግቢውን ጠረጉ» አለችኝ። «ወንበሩን በሙሉ ደረደሩ። በሩን ወለል አድርገው ከፍተው እስኪመሽ ተቀምጠው ዋሉ። ተዉ ይግቡ ብላቸው፣ ልጄ ይነግርልኛል፣ ይመጣሉ አሉኝ። ከእኔና ከባሌ በቀር አንድም ሰው አልመጣም። ምን እንደምትነግርላቸው እኔ አላውቅም። ለሰዎቹ ነገርካቸው?»

ደንበኛ ፊቴ ቆሟል፤ የመኪና ቺንጊያ እየፈለግሁለት ነበር። መደርደሪያው ላይ እጄን እንደሰደድኩ፣ ዞር ሳልል፣ «ነግሬያቸዋለሁ፤ አንፈልግም አሉ» አልኳት።

ሄዳ ይህንኑ ለእትዬ ነገረቻቸው።